ጃማይካ ላይ «በልቻለሁ» ያልኩ ቀን

ባቡር ገና አቃቂ በሚቆምበት ዘመን ነው። ከሰፈራችን ልጆች ባሕር ያየሁ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የሽርሽር መርከብ ላይ ልብስ አጥብ ነበር። አንድ ቀን ጃማይካ ወረድን። ኢትዮጵያዊ መሆኔን የሰሙ አንድ ፂማም ሽማግሌ እጄን ይዘው ቤታቸው አስገቡኝና ዓሣ በሩዝ አቀረቡልኝ።

ርቦኛል። ግን ያደግኩበት ወግ ሆነና በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ «በልቻለሁ» አልኳቸው። «በሞቴ» ብለው እስኪለምኑኝ ስጠብቅ፣ «እሺ» ብለው ሳህኑን አነሱት! ሳህኑ ሄደ፣ ሽታው ቀረ። ምራቄን እየዋጥኩ ስለ አገሬ የሚጠይቁኝን እመልሳለሁ።

«ከየትኛው ከተማ ነህ?»

አዲስ አበባ ብል ይቀለኝ ነበር፤ ኩራቴ አልፈቀደም። «አቃቂ!» አልኩ።

ሽማግሌው ብድግ አሉ። «በወጣትነቴ አገራችሁ ስመጣ ባቡሩ አቃቂ ቆመ። ጣቢያው ላይ ምሳዋን የምትበላ ሴት ‹እንብላ› ስትለኝ፣ አፍሬ ‹በልቻለሁ› አልኳት። እሷ ግን አላመነችኝም፤ በመስኮት አጎረሰችኝ።»

ሳህኑን መልሰው አመጡና አንድ ትልቅ ጉርሻ አጎረሱኝ። የሰፈሬ ሴት ባሕር ተሻግራ ያጎረሰችኝ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። ይበቃኛል ብዬ እጄን ሳነሳ፣ ሁለተኛውን አድቦልቡለው አፌ ላይ ደቀኑና በአማርኛ፦

«አንድ ያጣላል!»