በዳቦ የጠፋው ፊት

«እቴቴ፣ ይቺ ፊት የሌላት ሴትዮ ማን ናት?» ብለው የልጅ ልጆቼ ያዙኝ። ከፒያሳው ቤት ዕቃ ስናወጣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያገኟት፣ በእርሳስ የተሞነጫጨረች ወረቀት ናት። «ካልነገርሽን አንነሳም» አሉ። እንግዲህ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እያወራሁ ትልቋ ትጽፋለች።

ሴትዮዋ እናቴ ናት። ልጅ እያለሁ ሲኒማ ቤቱ ደጃፍ ቆሎ ትሸጥ ነበር። ደጃፍ አልኩ እንጂ፣ አንድ ቦታ መቼ ረግታ ተቀምጣ! አባቴ በዱላ ሲያስመርራት እኔን አዝላ ከገጠር የጠፋች ናት። «ያ ሰው ካገኘን አንቺን ይነጥቀኛል» ትለኝ ነበር። ዱላ ትከሻው ላይ ያጋደመ ሰው ካየች ቅርጫቷን አንስታ ውልቅ ነው። ጠዋት ሲኒማው ጋ፣ ቀትር ላይ ቸርችል ጎዳና ቁልቁለቱ ላይ፤ እኔ ነጠላዋን ጨብጬ ኩስ ኩስ። እስከ ዛሬ የተቆላ ገብስ ሲሸተኝ እግሬ ተነሺ ተነሺ ይለኛል።

አንድ ቀን ጣቱ በእርሳስ የጠቆረ ከሲታ ሠዓሊ መጣ። «እትዬ፣ እንዳሉ ልሣልዎት?»

«ሥራ ፈት! ቆሎ ግዛና የፈለግከውን ሣል።»

ገዛ። እርሳሱ ይሮጥ ጀመር፤ ነጠላዋ ሁለት ጭረት፣ ጣሳ የያዘው እጇ ሦስት ጭረት። «እባክዎ አይንቀሳቀሱ» ሲላት፣ «እኔስ ልቀመጥልህ፣ ዓይኔን ማን ያስቀምጠው?» አለችው። ፊቷን ሠርቶ የአንገቷን ንቅሳት ሲጨምርበት ጮቤ ረገጥኩ። እናቴን አደብ ገዝታ ያየኋት ያኔ ነው፣ ያውም ወረቀት ላይ።

ወዲያው ከመንገዱ ማዶ አንድ ባለ ዱላ ብቅ አለ። እናቴ ቆሎዋን ጥላ፣ እኔን በክንዴ ጎትታ ልብስ ሰፊው ሱቅ ገባች። ከስፌት መኪናው ጀርባ ሆነን እናያለን። ሰውዬው ሥዕሉ ላይ ጎንበስ አለ። ቆየ። የእናቴ ልብ ጀርባዬ ላይ ሲመታ ይሰማኛል። ከዚያ ከሠዓሊው አንድ ጣሳ ቆሎ ገዝቶ እየቆረጠመ ሄደ።

እናቴ ተንደርድራ ወጣች። «ፊቴን አጥፋ!»

«እትዬ፣ ያማረው እኮ እሱ ነው።»

«ያማረውን ነው የምልህ!»

ከኪሱ ዳቦ አውጥቶ ለስላሳውን አድቦለቦለና ፊቷን ፈተገው። እርሳስ በዳቦ እንደሚጠፋ ማን ያውቃል? «ኧረ በእህል?» ብላ እናቴ ፍርፋሪውን ከመሬት ለቅማ ሳመችው። ሠዓሊው ወረቀቱን ለእኔ ሰጠኝ። እናቴን ሦስት ቀን አኮረፍኳት።

ዛሬ ልጆቹ ፊታቸውን በስልክ እያነሱ ለማያውቁት ሁሉ ያሳያሉ። ደስ ይለኛል፣ ደግሞም ሆዴ ይባባል። ያ የተሸሸግንበት ሱቅ ፈርሶ መንገዱ ወለል ብሏል፤ አሁን ቢሆን የት እንገባ ነበር እላለሁ።

እናቴ አንድም ፎቶ ሳትነሳ፣ እንደዞረች አረጀች። ስትሞት፣ በሕይወት ሳለች ያለችበትን ያልነገረችው ወንድሟ መርዶ ደርሶት ከአገር ቤት መጣ። እኔም ያኔ የልጆች እናት ነኝ። ለቅሶው ጋብ ሲል ፈራ ተባ እያልኩ ስለ አባቴ ጠየቅኩት።

«አልሰማችሁም እንዴ?» አለኝ። «እናንተ በወጣችሁ በዚያው ክረምት ወንዝ ወሰደው። እኔው ነኝ የቀበርኩት።»