ወድቃ ያየችው ጣሪያ

የውሃ ቆጣሪ አንባቢዋ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንገቷን ደፍታ ኖራለች። ጨዋ ስለሆነች አይደለም፤ ቆጣሪ የሚቀበረው መሬት ውስጥ ስለሆነ ነው። ክዳን ታነሳለች፣ የሸረሪት ድር ትጠርጋለች፣ ቁጥር ትጽፋለች፣ ክዳን ትመልሳለች። ከተማዋን ከጉልበት በታች እንደ እሷ የሚያውቅ የለም።

ታላቅ እህቷ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ከጡረታዋ ማግስት ጀምሮ እግሯ ቤት አርፎ አያውቅም። «ካልሄድሽ አላየሽም» ትላለች። ስልኳ ውስጥ አራት ሺህ ፎቶ አለ፤ በአብዛኛው ላይ ዋናዋ ቅርስ እሷው ናት፣ ሌላኛው ከትከሻዋ ኋላ ብቅ ይላል።

አንድ ዓመት ታናሿን በእረፍቷ ሰሞን እየጎተተች ይዛት ሄደች፤ «ብዙ ሰው የማያውቀው» ቤተ መንግሥት ለማየት። አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ በአውቶቡስ። ሲደርሱ ብዙ ሰው የማያውቀውን ቤት ለማየት ሁለት መቶ ሰው ተሰልፏል። ውስጥ ገመድ ተወጥሯል። አስጎብኚው «ዙፋኑ እዚህ ጋ ነበረ፣ መስተዋቱ እዚያ ጋ ነበረ» እያለ የሌለውን ሁሉ አሳያቸው። በሰባተኛው ደቂቃ በጓሮ በር ወጡ።

«እህስ፣ እንዴት አገኘሽው?» አለች ታላቅ፣ ፊቷ እያበራ።

«እትዬ፣ የውሃ ቆጣሪያቸው ያንጠባጥባል።»

በተመለሱ በሁለተኛው ሳምንት አንባቢዋ ወደ ወንበር ሠሪው መጋዘን ገባች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በየወሩ የገባችበት ቤት ነው። ወለሉ ረጥቦ ኖሮ አዳለጣትና በጀርባዋ ተዘረረች። አጥንቶቿ በቦታቸው መኖራቸውን በሐሳቧ ስትቆጥር ዓይኗ ወደ ላይ ሄደ።

ጣሪያው በሙሉ ሥዕል ነው። ገበያ ነው። ዓሣ የተሸከሙ ሰዎች፣ አንድ እግር ጫማ ያደረገ ሽማግሌ፣ ጨርቅ የምትበላ ፍየል። መሐል ላይ የፊት ጥርሷ የወለቀ ሴት አፏን ከፍታ ትስቃለች። ሳቋ ተጋባባት፤ ወገቧ እያመማት መሬት ላይ ተኝታ ሳቀች።

«ምነው፣ ጭንቅላትሽን ነው እንዴ የመታሽ?» አለ ወንበር ሠሪው ከበሩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጣሪያ ነዋ!»

«ሥዕሉን ነው የምልህ!»

ቀና ብሎ አየ። «ቤቱን ስገዛ ጀምሮ አለ። አያፈስም» አላት።

በማግስቱ እህቷን አመጣቻት። ካርቶን አንጥፈው ጎን ለጎን ተጋደሙ። ታላቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኳን ማውጣት ረሳች። ትንሽ ቆይታ ግን ወደ ልቧ ተመለሰችና «ይሄማ ለባህል ቢሮ መነገር አለበት» አለች። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ቢሮው፣ ምስጋና ይድረሰውና፣ በአራት ወር ብቻ ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ላከ። ግማሹ ሦስት መቶ ዓመቱ ነው አለ፤ ግማሹ አራት መቶ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። እስኪስማሙ መጋዘኑን አሸጉት፤ በሩ ላይም «ቅርስዎን ይጎብኙ» እና «መግባት ክልክል ነው» የሚል አንድ ሰሌዳ ሰቀሉ። ስልሳ ወንበር ውስጥ ቀረ። አንባቢዋ ቁጥር ልትጽፍ ብትመጣ ዘበኛው «በደብዳቤ» አላት።

«ምን በደልኩሽ?» አላት ወንበር ሠሪው፤ ከዚያ ወዲያ ሰላምታዋንም አልመለሰላት። ወድቄ ዝም ብል ምን ነበረበት እያለች ራሷን ስትበላ ከረመች።

ወሬ እግር አለውና፣ አንድ ቀን ኮሚቴው መጋዘኑ ውስጥ እየተጨቃጨቀ ሳለ ከዘራ የያዙ አዛውንት መጡ። ዕድሜ ልካቸውን የሱቅ ማስታወቂያ ሲስሉ የኖሩ ናቸው።

«ያቺ ባለቤቴ ናት» አሉ፣ ጣሪያውን በከዘራቸው እያሳዩ።

«አባባ፣ ይሄ እኮ የአራት መቶ ዓመት...» አለ ሰብሳቢው።

«ጥርሷ የወለቀው በተጋባን በስድስት ዓመታችን ነው። ያኔ ይሄ ቤት የጭፈራ አዳራሽ ነበረ። ካላመንክ ፊርማዬ ከማገሩ ጀርባ አለልህ።»

መሰላል መጣ፤ ፊርማውም ዓመተ ምሕረቱም ተገኘ። ሠላሳ ስምንት ዓመት! የኮሚቴው ፊት ጠቆረ። ሥዕል ቅርስ እንዲባል ሠዓሊው ሞቶ መጠበቅ ሲገባው፣ እኚህ ሰውዬ በእግራቸው መጥተው ሥራ አበላሹ። በዚያው ከሰዓት እሽጉ ተነሣ። ሰሌዳውንም ነቅለው ሄዱ፤ የመንግሥት ንብረት ነዋ።

አዛውንቱ ግን አልሄዱም። የእሽጉን መነሣት ሰምተው የመጡት እህትማማቾች ካርቶን አነጠፉላቸው፤ በመካከላቸው ተጋደሙ። ባለቤታቸው ካረፈች ሰባት ዓመቷ ነው።

«ስትስቅ ልክ እንዲህ ነበረች» አሉ።

«ጋሼ፣ ሌላስ ሠርተዋል?» አለች ታላቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ከአደባባዩ ማዶ፣ ዳቦ ቤቱ ጓዳ ውስጥ አንድ ግድግዳ አለኝ።»

ታላቅ ደነገጠች። በየጠዋቱ ዳቦ የምትገዛበት ቤት ነው።

እሁድ ሦስቱም ሄዱ። ጋጋሪው ወደ ጓዳ አስገባቸው። የዱቄት ጆንያ ግድግዳውን እስከ ወገቡ ሸፍኖታል፤ የሚታየው የጀልባ ሸራና ወደ ላይ የተዘረጋ አንድ እጅ ብቻ ነው።

«ጆንያውን ፈቀቅ ብታደርግልን?»

«ወዴት ላድርገው፣ ራሴ ላይ? ዱቄቱ ሲያልቅ ኑ» አለ ጋጋሪው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሦስቱም ዳቦ የሚገዙት እጥፍ እጥፍ ነው።