አባታችን ያልተናዘዘው ኑዛዜ

የመምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጬ የተማሪዎቼን ድርሰት እያረምሁ ነበር፤ ማረም ከተባለ። ሁሉም በጭጋግ ይጀምራል፣ ሁሉም በተስፋ ያልቃል፣ መሃል ላይ ያለው ሰው ሁሉ "በረጅሙ ይተነፍሳል"። ስልካቸው እንደጻፈላቸው እነሱም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ቀይ እስክሪብቶዬን ስወረውር ታናሽ ወንድሜ ደወለ።

"እታለም፣ ልብ ወለድ ጻፍሁ" አለኝ።

"መቼ?"

"ቅዳሜና እሑድ።"

እዚሁ ደብረ ማርቆስ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ከማመልከቻ የረዘመ ነገር ሲጽፍ አይቼው አላውቅም። ስለ ሟቹ አባታችን ነው አለኝ። ተማሪዎቼ ድርሰት ለሚያስጽፉት ፕሮግራም የነገረው ጥቂት ነገር ነው፦ አባታችን ዲማ በኩል ገበሬ እንደነበረ፣ ከወንድሙ ጋር እንደተኳረፈ፣ እዚህ ሆስፒታል ተኝቶ እንደሞተ። የቀረውን ማሽኑ ራሱ ሞላው። ወንድሜም አሳትሞ፣ አስጠርዞ፣ ሽፋኑ ላይ የምትጠልቅ ፀሐይ አድርጎበት አመጣልኝ።

አነበብሁት። ባላነበብሁት ይሻለኝ ነበር። አባታችን ዝምተኛ ሰው ነበር፤ በጣም ደስ ሲለው "ይሁን" ይላል፣ በቃ። የመጽሐፉ አባት ግን ተራራውን እያየ ለሚስቱ ስለ ሕይወት ትርጉም ይሰብካል። ጠዋት ጠዋት ልጆቹን እያቀፈ "እኮራባችኋለሁ" ይላል። ይባስ ብሎ በወሩ ሃያ አንድ፣ በማርያም ቀን፣ በሬ ጠምዶ ያርሳል! አባታችን በማርያም ቀን እንኳን ሊያርስ እንጨት አይፈልጥም። ለአጎታችን ደግሞ በደብራችን ማንም የማይጠራበት ባዕድ ስም አውጥቶላቸዋል።

"ይህ የማን አባት ነው?" አልሁት።

"አንቺ ደግሞ ማረም ለምዶብሽ ነው" ብሎ ሳቀ።

የአጎታችን ነገር እንዲህ ነው። አባታችንና እሳቸው እያንዳንዳቸው አንድ አንድ በሬ ነበራቸውና አቀናጅተው በየተራ ያርሱ ነበር። አንድ ክረምት እርሻው ሳይጋመስ አጎታችን ሳይናገሩ በሬያቸውን ገበያ አውጥተው ሸጡት። የእኛ ማሳ ጦሙን አደረ። ከዚያ ወዲህ አባታችን የወንድሙን ስም ከአፉ አላወጣም፤ "ያ ሰውዬ" ነው የሚላቸው። እኛ ልጆቹም ሳንቀርባቸው ስላደግን እስካሁን አንቱ እንላቸዋለን።

ለፋሲካ አገር ቤት ገባን። ወንድሜ ከምሳ በኋላ መጽሐፉን አውጥቶ ለእናታችን ማንበብ ጀመረ። እናቴን የሕይወት ትርጉም ላይ ሲደርስ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት። ሆስፒታሉ ጋ ነቃች። አባትየው አልጋው ላይ ሆኖ የልጁን እጅ ይይዝና ወንድሙን በዚያ ባዕድ ስም ይጠራል፤ ወንድሜ ሲያነብ ስሙን ዘለለው። "ይቅር ብዬዋለሁ በለው። ሳትታረቁ እንዳትቀሩ" ይላል።

እናቴ ብድግ አለች። "ኑዛዜ ነበረው?"

ወደ ወንድሜ ዞረች።

"ያን ጊዜ አጠገቡ የነበርኸው አንተ ብቻ ነህ። የንስሐ አባታችን የተናገረው አለ ወይ ብለው ሲጠይቁህ ምንም አላለም አልህ። ይህን ሁሉ ዓመት የሟች ቃል ደብቀህ እህል ውሃው ይወርድልሃል?"

በእኛ አገር ኑዛዜ ቀልድ አይደለም፤ ያልተፈጸመ እንደሆነ ሟችንም ቋሚንም ያስራል ይባላል። "እማዬ፣ አባባ አላለም፤ ማሽን የፈጠረው ወሬ ነው" አልኋት። እሷ ግን የምታየው ልጇን ብቻ ነበር።

"አንተ ተናገር። ብሏል ወይስ አላለም?"

ወንድሜ መጽሐፉን ዘጋ። "ብሏል" አለ።

ክንዱን ይዤ ጓሮ አወጣሁት። "አብደሃል? በሟች አፍ ትዋሻለህ?"

"አልነበርሁም" አለኝ።

"የት?"

"አጠገቡ። ሻይ ልጠጣ ወጣ አልሁ፣ ስመለስ ተሸፍኖ አገኘሁት። ይናገር አይናገር አላውቅም።" አፍንጫውን በእጁ ጀርባ ጠረገ። "ያቺን ምዕራፍ ብቻ ደጋግሜ አስጻፍኋት። ሌላውን በቅጡ አንብቤውም አላውቅ።"

ልሰድበው የነበረውን ተውሁት። ንዴቴ ግን አልበረደም፤ የማሳርፍበት ሰው ማጣቴ ይብሱን አቃጠለኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ግባና ንገራት አልሁት። አልገባም። እኔም ገብቼ አልነገርኋት።

እናቴ በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌ ላከች። ከሰዓት በኋላ አጎታችን መጡ፤ በዚያ እርጅናቸው እንደ ወጉ ድንጋይ ማጅራታቸው ላይ ተሸክመው፣ አጎንብሰው። ይቅር ባዩ በሕይወት ስለሌለ እናቴ ናት በእሱ ቦታ የቆመችው። "ባለቤቴ ይቅር ብሎዎታል፤ ያውርዱት" አለቻቸው። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ወንድሜ በሩ ሥር ቆሞ መሬት መሬት ያያል። እኔ በማሽኑም፣ በእሱም፣ ልባቸው በተነካው ሽማግሌዎችም፣ ፊቷ በበራው እናቴም ተናድጄ ነበር።

ማዕዱ ሲቀርብ አጎታችን አልቀመሱም። ወደ እኔ ተጠግተው ተቀመጡ።

"አንቺ መምህርት ነሽ። መጽሐፉን አንብባዋለች አሉኝ።"

"አዎ፣ አንብቤዋለሁ።"

"እንዴት ብሎ ነው የጠራኝ? ያ ሰውዬ ብሎ ነው፣ ወይስ በስሜ?"

መጽሐፉ ጭኔ ላይ ነበር። ያ ባዕድ ስም የትኛው ገጽ ላይ እንዳለም አውቃለሁ። ድንጋዩ ማጅራታቸው ላይ የተወው አፈር ገና አልተራገፈም።

"በስምዎ ነው" አልኋቸው።

"እስቲ እሱ እንዳለው አድርገሽ በይልኝ።"

መጽሐፉን ወደ ጎን አደረግሁና፣ በሬው ከተሸጠ ወዲህ በአባቴ ቤት ተጠርቶ የማያውቀውን ስማቸውን ጠራሁላቸው።