ልብ ወለዴን ድግምት ነው አለችኝ

ዛሬ ጠዋት አሠሪዬ ማዳም ልብ ወለዴን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ኩሽና ገባች። "ሲህር" አለች፤ ድግምት ማለቷ ነው።

መጽሐፉ ባዕድ አገር ስለሚንከራተቱ አፍሪካውያን ስደተኞች ነው። ያቆምኩበት ገጽ እንዳይጠፋኝ ግን የልጇን የፀጉር ማሰሪያ አስገብቼበት ነበር። ጥቂት ፀጉር ተጠምጥሞበታል።

የማታውቀው ፊደል፣ መሃሉ ላይ የልጇ ፀጉር። እዚህ አረብ አገር ይህ ምን እንደሚያመጣ ታውቃላችሁ። ሥነ ጽሑፍ ተምሬ በልብ ወለድ ልታሰር ነው።

"ፖሊስ እጠራለሁ" አለች።

"መጀመሪያ የሚያነብ ሰው ጥሪ" አልኳት።

እዚሁ አል መዝሩዒያ ሰፈር ልጆቻቸውን ያሳደጉት ሐበሻ ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ ተጠሩ። ማሰሪያው ያለበትን ገጽ ገልጠው ማንበብ ጀመሩ። ገጹን አውቀዋለሁ። አሠሪዋ በር ቆልፋባት ስለምትወጣ ልጅ ነው።

አንብበው ቀና አሉና አዩኝ። ከዚያ በአረብኛ "ወላሂ ተረት ነው። ስለ አንዲት ሠራተኛና ስለ ማዳሟ" አሉ።

"ማዳሟ ጥሩ ናት?" አለች ማዳም።

"እሱ ጋ ገና አልደረስኩም። ወስጄ ልጨርሰው።"

መጽሐፉን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ሲወጡ በአማርኛ ቀስ ብለው ጠየቁኝ፦ "ልጄ፣ አንቺስ ይቆለፍብሻል?"

"አዎ፣ ሁልጊዜ።"

"ነገም እመጣለሁ" አሉ።

ይህን አሁን ከክፍሌ ሆኜ ነው የምጽፍላችሁ። እናንተስ በሰው ቤት ምን ስታነቡ ተይዛችሁ ታውቃላችሁ? ንገሩኝ። በመጽሐፉ ያለችውን ልጅ መጨረሻ ግን እንዳትነግሩኝ፤ ራሴ አነበዋለሁ።