በቀርጤስ የተዋስኩት አፍንጫ

ቴክሳስ፣ ኧርቪንግ ውስጥ ጠጅ የሚጥል ሞልቷል፤ ጠጅ የሚያውቅ ግን እኔ ነኝ። ጉራ ነው ካላችሁኝ አልከራከርም፤ ጉራም ነው፣ እውነትም ነው። ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኛ ሻንጣ እየመዘንኩ፣ በእረፍት ቀኔ ደግሞ ጋራዣችን ውስጥ ማር እየበረዝኩ ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ። እስከ ዴንተን ድረስ የእኔ ጠጅ ያልቀረበበት ሰርግ ካለ፣ ሙሽሮቹ ተጣድፈው የተጋቡበት መሆን አለበት። ሙያዬ ያለው አፍንጫዬ ላይ ነው። ጌሾው የሚወጣበትን ቀን ቆጥሬ አላውቅም፤ ክዳኑን ገለጥ አድርጌ አሸትታለሁ፣ አለቀ።

ባለፈው ጃንዋሪ የያዘኝ ጉንፋን ሲለቀኝ ግን ሽታን ሁሉ ጠራርጎ ይዞ ሄደ። ምላሴ ጣፋጩን፣ ጎምዛዛውንና መራራውን ይለያል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። ሽንኩርት እያረረ እንኳ የማውቀው በዓይኔ ሳየው ነው። ሐኪሟ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል አለችኝ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ምክንያቱም ልጄ ኦክቶበር ላይ ልታገባ ነው። «ማሚ፣ ያንቺ ጠጅ ከሌለ ሰርጉን ካንስል አደርገዋለሁ» ብላ እየሳቀች አስጠንቅቃኛለች።

ባሌ በዚህ ጉዳይ የሚረዳኝ ሰው አልነበረም። ጌታን ካገኘ ወዲህ ጠብታ መጠጥ በአፉ አልዞረም፤ የቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ነው። ጠጅ በጣልኩ ቁጥር ይመጣና አንድም ቃል ሳይናገር የጋራዡን በር ወለል አድርጎ ይከፍታል። ሽታውን ተጠይፎ ነው ብዬ ሃያ ዓመት ሙሉ በሆዴ ቂም ይዤበታለሁ።

ጁን ላይ ከሥራዬ በማገኘው፣ ባዶ ወንበር ሲኖር በሚያስበርር የስታንድባይ ትኬት ለአንድ ሳምንት ወደ ግሪኳ ደሴት ቀርጤስ ሄድን። እሱ ባሕር አማረኝ አለ፤ እኔ በየመንደሩ ወይን ጠጅ የሚጠምቁትን ትንንሽ ቤቶች ልዞር ነበር። የልቤን ልናገርና፣ ያን ሁሉ ሽታ ሲያገኝ አፍንጫዬ ይነቃል ብዬ ነው። መኪናውን የሚነዳው እሱ ነው። የማይጠጣ ሹፌር ያላት ሴት ምን ይጎድልባታል?

የመጀመሪያው ቤት ከመኖሪያው ሥር ያለ ጓዳ ነው፤ ጥቂት በርሜሎች፣ በሩ ላይ የተጋደመ ውሻ። ጠማቂው ቀዳልኝና ምን እንደሚሸተኝ ጠየቀኝ። ብርጭቆውን አዙሬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ «የብርቱካን አበባ» አልኩት። ሰውየው ሊያቅፈኝ ምንም አልቀረው። ሁለተኛው ቤት «የደረቀ በለስ» አልኩ፤ እዚያም አመኑኝ። መትፊያ ባልዲ አቅርበውልኝ ነበር፤ ሰው ቤት የተሰጠኝን መጠጥ የምተፋ ባለጌ ስላልሆንኩ ሁሉንም ዋጥኩት። ደፍሮ የተናገረ ሰው እንደሚታመን ሻንጣ ስመዝን ተምሬያለሁ። አፍንጫዬ ግን ያው ድንጋይ ነው።

ሦስተኛው ቤት ተራራ ላይ ነበር። ባለቤቷ ጥቁር የለበሱ አሮጊት ናቸው። ጠርሙስ ከፍተው ቀዱልኝ። በእኛ ልማድ የሚቀዳው ሰው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀምሶ ነው ለእንግዳ የሚሰጠው፤ እሳቸው ግን ሳይቀምሱ አይብ ሊያመጡ ገቡ። ጠጣሁት። ሲመለሱ ደረቴን ነፍቼ፣ «ግሩም ነው! ማር ማር ይሸታል» አልኳቸው።

ባሌ ከጠረጴዛው ማዶ ፊቱን አጨማደደ። «ኧረ ተይ» አለኝ በአማርኛ፣ «ይሄ እኮ የሻገተ ካርቶን ነው የሚሸተው።»

አሮጊቷ የባሌን ፊት አይተው ብርጭቆውን አንስተው አሸተቱ። የጠርሙሱ ቡሽ ሻግቶ ወይኑን አበላሽቶት ኖሯል። ይቅርታ እየጠየቁ ጠርሙሱን ደፉትና ሌላ ከፈቱ። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር፣ አዘኑልኝ።

መኪናው ውስጥ ባሌ ሞተሩን ሳያስነሳ፣ «ሶ፣ መቼ ነው የጀመረሽ?» አለኝ።

«ምኑ?»

«አፍንጫሽ ነዋ።»

ልዋሽ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ለቅሶ ነው። ሁሉንም ነገርኩት። «የልጄ ሰርግ ላይ የተበላሸ ጠጅ ቀድቼ ልዋረድ ነው። ወይም ሌላ ሰው ጠጅ ሲጥልልኝ ቆሜ ልመለከት ነው። ታዲያ እኔ ምን ቀረኝ?»

መሀረብ ሰጠኝ። «ጌሾው የሚወጣበትን ቀን እኔ አውቀዋለሁ» አለ።

«አንተ?»

«መጀመሪያ ሊጥ ሊጥ ይላል። ከዚያ የበሰለ ሙዝ። ከሙዙ ሥር የታጨደ ሣር ብቅ ሲል፣ በማግስቱ ታወጪዋለሽ።»

ልክ ነው። እኔ ራሴ እንዲህ አድርጌ ለሰው ማስረዳት አልችልም ነበር። «ሽታውን ትጠላው የለ እንዴ? በሩን የምትከፍተው ታዲያ ለምንድን ነው?»

«ማን ጠላ አለሽ?» አለ፣ ወደ መሪው እያየ። «ስለሚያምረኝ ነው እንጂ።»

ሃያ ዓመት! እኔ ሳኮርፈው፣ ሰውዬው ላለመጠጣት የገባውን ቃል ለመጠበቅ ከጠጄ ሽታ ጋር ይታገል ኖሯል። አፈርኩ፤ ደግሞ፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ኮራሁ።

በማግስቱ አራተኛው ቤት አንድ ብርጭቆ ለሁለት ያዝን። እሱ አሸተተ፣ እኔ ጠጣሁ። እሱ «ጭስ፣ ትንሽ ሎሚም አለው» ሲል እኔ «ምሬቱ ኋላ ነው የሚመጣው» እላለሁ። ጠማቂው ግራ ተጋብቶ ከማን ጋር እንደሚያወራ ጠፋው።

አሁን ሴፕቴምበር ነው፤ የልጄ ጠጅ ጋራዥ ውስጥ እየፈላ ነው። ዛሬ ከሰዓት እንደ ልማዴ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩ። ጣፋጩ በቅቷል፣ ምሬቱ ጥቂት ይቀረዋል። ባሌ ክዳኑን ገለጥ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ አጎነበሰ። «ሙዝ ነው ገና» አለ። «ኖ፣ ቆይ፣ ሣሩ ከሥር አለ። ነገ ይውጣ።»

የቴክሳስ ሙቀት ግንባሩን በላብ አጥምቆታል። ሙቀቱም ሽታውም እንዳያስቸግረው ብዬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔው ራሴ ሄጄ የጋራዡን በር ከፈትኩለት።

ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «ዝጊው እንጂ» አለኝ፣ «ሽታው እኮ ይወጣል።»