ጸበል ያላወጣው ምስጢር

ደብረ ብርሃን ውስጥ ምስጢር መያዝ ከፈለጋችሁ ወንድም አይኑራችሁ። የእኔ ታላቅ ወንድም ጌም ቤት አለው፤ ዋና ሥራው ግን ወሬ ማከፋፈል ነው። በተለይ ስለ አንድ ጌም ያወራል። የመጀመሪያው ክፍል የወጣቱን ልብ ሰርቋል፤ ሁለተኛው ይሠራ አይሠራ ግን ሠሪዎቹ ትንፍሽ አላሉም። እነሱ ዝም ባሉ ቁጥር ወንድሜ ይናገራል።

«ሁለተኛው ባሕር ላይ ነው የሚሆነው» ይላል እራት ላይ፣ ሽሮውን እየጠቀለለ። «የመርከቡ ሥዕል ሾልኮ ወጥቷል፤ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!»

ባሕር ላይ አይደለም፣ ተራራ ላይ ነው። ይህን እያወቅኩ ሽሮዬን ዝም ብዬ እበላለሁ።

እኔ ድምፄን እየሸጥኩ የምኖር ሴት ነኝ፤ ማስታወቂያ አነባለሁ፣ ትረካ እተርካለሁ። ባሕር ማዶ ያሉት የጌሙ ሠሪዎች በኢንተርኔት አገኙኝና አማርኛ የምትናገር የደጋ አሮጊት ድምፅ ፈለጉ። ወታደሮች «ከቤትሽ ውጪ!» ሲሏት እምቢ ብላ ቤቷ ውስጥ የምትቃጠል አሮጊት ናት። ጌሙ በይፋ እስኪነገር ድረስ ለማንም፣ ለቤተሰብም ቢሆን፣ ትንፍሽ ማለት በውሉ ክልክል ነው። ከተሰማ ሥራው ቀረ፤ ዳግመኛም አይጠሩኝም። በድምፅ እንጀራ ይበላል ብዬ ስከራከር ከኖርኩ በኋላ ያገኘሁት የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ ስለነበር እንዲያመልጠኝ አልፈለግኩም።

ስቱዲዮዬ ቁም ሳጥን ነው። የከተማችን ብርድ ልብስ ለብርድ ብቻ አይምሰላችሁ፤ ደራርቦ ለሰቀለው ድምፅም ያፍናል። ቢያንስ እኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን እናቴ ለቅሶ ደርሳ ከሁለት ጎረቤቶቻችን ጋር ካሰብኩት ቀድማ ተመለሰች። እኔ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ጉሮሮዬን አሻክሬ «አልወጣም! ይሄ ቤቴ ነው! ተቃጠልኩ! ብቃጠልም አልወጣም!» እላለሁ። በሩን ሲከፍቱት በብርድ ልብስ ተጠቅልዬ፣ ላብ በላብ ሆኜ አገኙኝ። ጸበል ቦታ የቆመ ሰው ሁሉ እነዚህን ቃላት ያውቃቸዋል። የሚላቸው ሰይጣን ነው። አንደኛዋ ጎረቤታችን «በስመ አብ!» ብላ ወደ ኋላ አፈገፈገች። እናቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

«እማዬ፣ እየተለማመድኩ ነው» አልኳት።

«ምኑን?»

«እሱን መናገር አልችልም።»

ከዚህ የባሰ መልስ ሰይጣኑ ራሱ ባልመለሰ ነበር።

በነጋታው አንኮበር ወዳለው ጸበል እንድንሄድ ተወሰነ። አልሄድም ብል፣ ጸበሉን የፈራው ሰይጣኑ ነው ሊባል ነው። እሺ ብል ደግሞ ተንኮለኛ ሰይጣን ነው፣ አድፍጧል ይባላል። የሚያናድድ ነገር ነው። እሺ አልኩ።

አንኮበር ጠዋት ጋቢ ደርበው እንኳ ይበርዳል። ውሃው ጀርባዬ ላይ ሲወርድ ጮኼ ዘለልኩ። ተጠማቂው ሁሉ «መጣ! መጣ!» አለ። አጥማቂው አባ መስቀሉን ግንባሬ ላይ አድርገው «ማን ነህ? ከየት መጣህ? ማን ላከህ? ተናገር!» አሉ። በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ ለመናገር ጓጉቼ አላውቅም። አፌን ግጥም አድርጌ ዘጋሁ።

አንዱ ዝም ሲል ሌላው ያወራል። አንዷ ቡዳ ነው አለች። ከደነባ የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ የለም፣ የመንገድ ሰይጣን ነው፣ ደብረ ሲና ላይ ከጭነት መኪና ወርዶ ነው የያዛት አሉ። አብሮን የመጣው ወንድሜ እጁን አጣጥፎ ሁሉንም ያርማል፤ «እኔ በደንብ አጣርቻለሁ» ይላል። ስለ መርከቡም የሚለው ይህንኑ ነበር።

አባ ደከማቸውና «ድዳ መንፈስ ነው፤ እስኪናገር እዚሁ ትቆይ» ብለው አዘዙ።

ለእናቴ በሶ በጠበጥኩላት። አልቀመሰችውም። «እስኪለቅሽ ድረስ እህል በአፌ አይዞርም» አለችኝ። ቁም ሳጥኑን ከከፈተች ጀምሮ አልበላችም። ያኔ በሠሪዎቹም በውሉም ተናደድኩ። ጌም ነው እኮ! ሰው ከሌለበት ወስጄ ሁሉንም ነገርኳት። ሥራዬ አበቃለት ብዬ ነበር፤ ወንድሜ ወሬ ከማን እንደወረሰ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ሰው ሞቶ አይደለም የምትጮኺው?» አለችኝ።

«አይደለም እማዬ፣ ጨዋታ ነው።»

«ጨዋታ ከሆነ ለምን ይደበቃል?»

«ጊዜው ሳይደርስ እንዳይወራ ነው» አልኳት። አሰብ አደረገችና ፊቷ በራ።

«እንደ ፅንስ ነው በይኛ! አንቺንስ ሆዴ እስኪገፋ ለማን ተናገርኩ?» አለችና በሶውን አንስታ ጭልጥ አደረገችው። ከዚያ አባ ዘንድ ቀረበች። «አባ፣ ልጄ ደህና ናት፤ ይባርኩንና እንሂድ።» አባ ሁለታችንንም ትክ ብለው አዩንና ባረኩን።

እናቴ አልዋሸችም። ለጠየቃት ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰላም ናት» ብቻ ትላለች። የቀረውን ሰፈሩ ሞላው። ሰይጣኑ ጥቁር በግ ጠይቋል ተባለ፤ ሲወጣ ዛፍ ገንድሷል ተባለ። ለልጃቸው ሊያጩኝ ሲያስቡ የነበሩ ሰዎች ድምፃቸው ጠፋ። እናቴ ይህን ሁሉ እየሰማች ዝም አለች፤ ዝምታ ያልፈጠረባት ሴት! አንዳንዴ ጓዳ ገብታ አፏን በነጠላዋ አፍና ስትቆም አያታለሁ። ታሳዝነኛለች፤ እኮራባታለሁም።

ክረምቱ አልፎ ጌሙ በይፋ ሲነገር ወንድሜ ጌም ቤቱን በሰው ሞልቶ ቪዲዮውን በትልቁ ስክሪን ከፈተው። እናቴ ምሳውን ይዛለት መጥታለች፤ እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ባሕር የለም። ጉም የሸፈነው ገደል፣ የድንጋይ ቤት፣ ወታደሮች ታዩ። ከዚያ የእኔ ድምፅ ቤቱን ሞላው፤ «አልወጣም! ተቃጠልኩ! ብቃጠልም አልወጣም!»

ወንድሜ ሪሞቱ ከእጁ ወደቀበት። «ያ ሰይጣን ነው!» አለ። «ከእህቴ ወጥቶ እዚህ ገባ!» በር ላይ የቆሙት አማትበው ወጡ።

እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «አሁን ይወራል?»

«ይወራል፣ እማዬ።»

ምሳ ዕቃውን አስቀመጠችና እልልታዋን ለቀቀችው። ስንት ወር አፍና የያዘችው ነውና ሰፈሩ ሠርግ መስሎት ሮጦ መጣ። እሷም እሳት መሃል ወደምታጓራዋ ጥርስ የለሽ አሮጊት እየጠቆመች «ልጄ ናት!» ትላለች። «እዩዋት፣ ያቺ የምትቃጠለዋ! ልጄ ናት!»