የሌላ ሰው መልእክት

የያዙኝ ከሰርቨር ክፍሉ ደጃፍ ላይ ነው። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ስሜን ጠርቶ ካረጋገጠ በኋላ «ለትንሽ ጥያቄ ነው፤ ቶሎ ትመለሳለህ» አለኝ። ጃኬቴን ከወንበሩ ላይ እንዳነሣ ፈቀዱልኝ። የወሰዱኝ በባጃጅ ነው። መሐላቸው ተጣብቄ ተቀምጬ፣ ባጃጁ የሆሳዕናን ዳገት እያቃሰተ ሲወጣ፣ የሚያውቁኝ ሰዎች ከመንገድ ዳር ሰላም ይሉኝ ነበር። እኔም እመልስላቸው ነበር። ከባልደረቦቹ ጋር ለመስክ ሥራ የሚወጣ ሰው ነበር የምመስለው።

ጣቢያ ስንደርስ ቀበቶዬን፣ የጫማዬን ክርና ስልኬን ተረከቡኝ። ክፍሉ ጠባብ ነው። ሲሚንቶው ላይ ካርቶንና ያረጁ ፍራሾች ተነጥፈዋል። ግድግዳው ላይ፣ ሰው ተቀምጦ ጀርባውን በሚያስደግፍበት ከፍታ፣ ጥቁር የወዝ መስመር ዙሪያውን ይሄዳል። ጥግ ላይ ክዳኑ የማይገጥም ባልዲ አለ። የዝናብ ወቅት ስለነበር ልብስ ሁሉ እርጥብ እርጥብ ይሸታል፤ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው እርስ በርሱ አይደማመጥም።

የክፍሉ ካቦ፣ እስረኞቹን የሚያስተዳድረው እስረኛ፣ ከዶዮገና ወደ ሸገር ድንችና ጎመን የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ሰላቱን ጨርሶ ጨርቁን እያጠፈ «ሥራህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የኢሜይል ሰርቨር አስተዳድራለሁ።»

«ማለት?»

«እንደ ፖስታ ቤት በለው። የትምህርት ቤቶችና የቢሮዎች መልእክት በእኔ ማሽን በኩል ያልፋል። እኔ እንዲደርስ አደርጋለሁ።»

መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የነበረ አንድ ጠና ያለ ሰው ቀና አለ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ መልሶ አደረገው።

«አንተ ነህ እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ወደ ካቦው ዞረ። «እኔ እዚህ የገባሁት በዚህ ሰውዬ ነው።»

ሰውየው መምህር ነበር። እዚያው ሆሳዕና የሚያስተምር፤ ሚስቱ ደግሞ ዶዮገና የምታስተምር። ከባልደረቦቹ አንዱ ከክፍል ተጠርቶ ከወጣ በኋላ የት እንደገባ ሳይታወቅ ቀረ። መምህሩ ለተቀሩት ኢሜይል ጻፈላቸው፤ «አንድ ላይ ሆነን ሄደን እንጠይቅ» የሚል። ሌላ ነገር አልነበረበትም። መልእክቱን በላከ በማግሥቱ መጥተው ወሰዱት።

«የማሽኑ ባለቤት አንተ ነህ» አለኝ። «ሌላ ማን ሊያየው ይችላል?»

«እኔ አልሰጠሁም።»

«ታዲያ ማን ሰጠ?»

«አላውቅም።»

በዚያ ሰዓት በእርግጥም አላውቅም ነበር። ግን «አላውቅም» የሚለው ቃል እንደዚያ ባለ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚሰማ ለእኔም ይሰማኝ ነበር። ካቦው ባልዲው አጠገብ ያለውን ቦታ በአገጩ አመለከተኝ።

እዚያ ተቀምጬ ስለ ሥራዬ አሰብኩ። ሲጀመር ቀላል ነበር። ተጠቃሚዎቹ የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ብቻ ስለነበሩ ሁሉንም በመልክ አውቃቸዋለሁ። ቀጥሎ የከተማው ትምህርት ቤቶች ገቡ፤ ከዚያ ሞርሲቶ፣ ጊምቢቹ፣ ዱራሜ፣ ዶዮገና። ሰው ይጨምራል፤ ማሽኑ ያው ነው። ጠዋት ሁሉም አንድ ጊዜ ሲከፍቱት ትንፋሽ ያጥረዋል። የአንዱ ተጠቃሚ ፓስወርድ ተሰርቆ የማይረባ ማስታወቂያ ሲረጭበት፣ የውጭዎቹ ሰርቨሮች የእኛን መልእክት በጅምላ አንቀበልም ይላሉ፤ ያንን እገዳ ማስነሣት የሳምንት ልመና ነው። መብራት ይሄዳል፤ ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም። ሁለተኛ ማሽን ባይሆን እንኳ ተጨማሪ ዲስክ እንዲገዛልኝ በየስብሰባው እጠይቃለሁ። «ይታያል» ይሉኛል። መልእክት ያልደረሰው ሁሉ ይደውልልኛል። የደረሰው ደውሎ አያውቅም።

ከመታሰሬ ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ ኢንስፔክተር ቢሮ ድረስ መጥቶ የአንዳንድ ሰዎችን የኢሜይል ሣጥን እንድከፍትለት ጠይቆኝ ነበር። ሣጥኖቹ የተቆለፉት በምስጢር ቁልፍ ነው፤ ያ ቁልፍ ደግሞ ከእኔ በቀር በማንም እጅ የለም። የፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲያመጣ ነገርኩት። «እሺ» ብሎ በትሕትና ጨብጦኝ ሄደ። የታሰርኩት ለዚህ መሆኑን የነገረኝ ባይኖርም ሌላ ምክንያት አልታየኝም።

ምሳ ሰዓት ላይ ተረኛው ፖሊስ መምህሩን ጠራው። ስንቅ መጥቶለታል። ሚስቱ ከዶዮገና በየቀኑ መመላለስ ስለማትችል ምሳውን የሚያመጣለት የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ነው፤ ከኮሌጅ ጀምሮ የማይለየው ጓደኛው። ቆጮና ጎመን ነበር። መምህሩ ዐይኑን ጨፍኖ ጸለየና ለሁሉም አዳረሰ። እኔ ጋ ሲደርስ አለፈኝ።

«ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው» አለ፤ ለማንም ሳይሆን።

በማግሥቱ ጠዋት ተረኛው እኔን ጠራኝ። ውጭ ኢንስፔክተሩ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሲያስል ትከሻው የሚርገፈገፍ፣ ዐይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው።

«ማሽንህ ቆሟል» አለኝ። «ምንም አይገባም፤ ምንም አይወጣም። ከላይ እየጮሁብኝ ነው።»

መንገድ ላይ ሌላም ነገር ነገረኝ። የመምህራን የዝውውር ጥያቄ የሚገባው በኢሜይል ነው፤ የማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ደግሞ ያ ቀን ነበር። ባልና ሚስት በየፊናቸው የሚኖሩ፣ የታመመ ወላጅ ጋ ለመጠጋት የሚፈልጉ፣ ያን ቀን ለወራት የጠበቁ ሰዎች ይጽፋሉ። ማሽኑ ግን አይቀበልም።

የሰርቨር ክፍሉ በር መቆለፊያው ተነቅሏል። ተቀምጬ ሲስተሙን ከፍቼ አየሁት። ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከሌላ ቦታ ያመጡት ባለሙያ በራሱ መንገድ ገብቶ፣ የተጠቃሚውን ሣጥን በሙሉ ኮፒ ማድረግ ጀምሮ ነበር። ቁልፉ ስለሌለው አንዱንም ማንበብ አልቻለም፤ ሌላ ቦታ ወስዶ ለመክፈት አስቦ ይመስለኛል። ኮፒውን ያስቀመጠው ግን እዚያው ዲስክ ላይ ነው።

«ምን ሆኖ ነው?» አለኝ ኢንስፔክተሩ።

«ሞልቶ ነው። የሰዉን መልእክት ሁሉ ኮፒ አድርጋችሁ እዚሁ ላይ አስቀመጣችሁት። አዲስ የሚመጣው ማረፊያ አጣ።»

«ምን ይሻላል?»

«ወይ ዲስክ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ነው፤ ወይ ኮፒውን ማጥፋት።»

ወደ መስኮቱ ዞሮ ደወለ። ከወዲያኛው ጫፍ የሚናገረው ሰው ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል። «ዛሬ! ዛሬ ነው ያልኩህ!» ይላል።

«አጥፋው» አለኝ ስልኩን ሲዘጋ።

«ኮፒውን?» አልኩት፤ በኋላ ነገር እንዳይዞርብኝ።

«አጥፋው አልኩህ እኮ!»

አጠፋሁት። አገልግሎቱን አስነሣሁ። መጀመሪያ ምንም አልታየም። ከዚያ ደጅ ላይ ተሰልፈው የቆዩት መልእክቶች አንድ በአንድ መግባት ጀመሩ፤ የላኪዎቹ አድራሻ በስክሪኑ ላይ ወደ ላይ ይሮጣል፤ ከጊምቢቹ፣ ከሞርሲቶ፣ ከማላውቃቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች። ለትንሽ ጊዜ እስረኛ መሆኔን ረሳሁ።

ኢንስፔክተሩ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«አሁን አንድ ነገር ብቻ» አለኝ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የመምህሩን ሣጥን ክፈትልኝ። የጻፈውን አግኝተነዋል፤ ማን ማን እንደመለሰለት ነው የምፈልገው። ከዚያ ከዚሁ ቤትህ ትሄዳለህ። ጣቢያ መመለስም አያስፈልግህም።»

ቤቴ ከዚያ ቢሮ ሩቅ አይደለም። ሚስቴ በዚያ ሰዓት ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ በየቢሮው ስትዞር ትታየኛለች። እጄን ከኪቦርዱ ላይ አንሥቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

«ትእዛዝ ካለ እከፍታለሁ።»

«ትእዛዝ ቢኖረኝ አንተን እለማመጥ ነበር?» አለ። ተቆጥቶ አልነበረም፤ ደክሞት ነበር። «ደግሞ ማንን ነው የምትጠብቀው? ጽሑፉን ያመጣልን ማን ሆነና? ያ ምሳ የሚያመላልስለት ጓደኛው ነው እኮ። ስልኩን ከፍቶ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጠው እሱ ነው። የራሱ ጓደኛ ያልጠበቀውን አንተ ምን አገባህ?»

ከሲስተሙ ወጣሁ። ስክሪኑ የይለፍ ቃል ወደሚጠይቀው ባዶ ገጽ ተመለሰ። ተነሥቼ ቆምኩ።

«መልሱኝ» አልኩት።

ክፍሉ ስመለስ ካቦው ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ ነበር። ሲያየኝ አቆመ።

«እኛማ የተፈታህ መስሎን ነበር» አለኝ።

«ሰርቨሩ ቆሞ ነበር። ጠግኜ መጣሁ።»

«ጠግነህላቸው መለሱህ?»

«የመምህሩን ሣጥን ክፈት አሉኝ።»

መምህሩ ከመስኮቱ ሥር ሳይነሣ «ከፈትክላቸው?» አለኝ።

«ብከፍት እዚህ ምን እሠራለሁ?»

ብዙ ቆይቶ መምህሩ ፍራሹ ላይ ጠጋ አለልኝ። ሂድና ተቀመጥ የሚለኝ አልነበረም፤ ራሴ ሄጄ የለቀቀልኝ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ስለ ሚስቱ ነገረኝ። ዝውውር ስትጠይቅ ዓመታት አልፈዋል፤ ዞኑ ሌላ በመሆኑ ማመልከቻዋ ሁልጊዜ ውድቅ ሆኖ ይመለሳል። ያ ቀን የማስገቢያው የመጨረሻ ቀን መሆኑን እንደማውቅ አልነገርኩትም። መልእክቶቹ መግባታቸውን ብቻ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ።

ተረኛው መምህሩን ለምሳ ጠራው። በሩ ሲከፈት ርዕሰ መምህሩን አየሁት። ቀጠን ያለ ሰው ነው፤ ግቢው በር ላይ ጃንጥላ ይዞ ቆሟል። ዝናቡ ቆሞ ነበር፤ እሱ ግን ጃንጥላውን አላጠፈውም። መምህሩ ሳህኑን ተቀብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ተመልሶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሳህኑን ከመክፈቱ በፊት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«እዚያ አርፍደህ ሳትሰማ አትቀርም። ማን ነው አሳልፎ የሰጠኝ?»

ሰውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ፊቴን እያየ ነው የጠየቀኝ። «አልሰማሁም» ብል አያምነኝም ነበር። ብነግረው ደግሞ ያ ሳህን እጁ ላይ ነው። ነገም ከነገ ወዲያም ሌላ የሚያመጣለት የለም። ያ ሰውዬ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠው ምን ብለውት እንደሆነም አላውቅም።

«መምህር» አልኩት፣ «ትናንት የእርስዎን መልእክት ሰጠህ ብለው ጠረጠሩኝ። ዛሬ ደግሞ የሌላ ሰውን ስጠኝ አይበሉኝ።»

መነጽሩን አወለቀ። ሊቆጣኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሳህኑን ከፈተና መሐላችን አስቀመጠው። ከቆጮው ቆርሶ በጎመኑ ጠቅልሎ ወደ አፌ ዘረጋልኝ።

«እንካ» አለኝ። «ተቀበለኝ።»

ጎረስኩ። ቅቤው ገና አልረጋም ነበር።

መምህሩ ከእኔ በፊት ተፈታ። እኔም አንድ ቀን ቀበቶዬንና የጫማ ክሬን መልሰው ሰጥተውኝ «ሂድ» አሉኝ። ክስ አልነበረም፤ ማብራሪያም አልነበረም። ሥራዬ ላይ መለሱኝ፤ ሌላ የሚሠራው ሰው ስላልነበረ ይመስለኛል። አሁን ማሽኖቹ ሁለት ሆነዋል፤ ተጠቃሚው ደግሞ ከሁለቱም በላይ ሆኗል። ስልኬ አያርፍም። ሰዎች «እዚያ ምን አደረጉህ?» ይሉኛል። ብዙም አላደረጉኝም። ግን ከዚያ የወጣሁት ደክሞኝ ነው፤ ተኝቼበትም አልለቀቀኝም። የሰው ነገር ይዞ መኖር ይከብዳል፤ ሥራዬ ደግሞ እሱ ነው።

ከወራት በኋላ ርዕሰ መምህሩ ቢሮዬ መጣ። ፓስወርድ ረስቻለሁ አለኝ። አዲስ አወጣሁለት። አልተነሣም።

«እዚያ ሳላችሁ» አለኝ፣ «ስለ እኔ የተባለ ነገር ነበር?»

«ነበር።»

እጁን ጉልበቱ ላይ አሻሸ። «ያስፈራሩኝ በልጄ ነው። ከዩኒቨርሲቲ እናስወጣታለን አሉኝ» አለ። ከዚያ «ለእሱ ነግረኸዋል?»

«አልነገርኩትም።»

«ለምን?»

«የሚነገር ከሆነ የእርስዎ ነው።»

እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ወጣ።

መምህሩ በሌላ ዙር ዝውውሩ ተሳክቶለት ዶዮገና ገብቷል። ለጉዳይ ሆሳዕና ሲመጣ ከርዕሰ መምህሩ ጋር መናኸሪያው አካባቢ ሻይ ሲጠጡ አንዳንዴ አያቸዋለሁ። ይሳሳቃሉ፤ አንዳንዴም ዝም ብለው መንገዱን ያያሉ። ነግሮት ይሁን አይሁን ከፊታቸው አይታወቅም። እኔም አልጠየቅኋቸውም።